የተሰበረው ደጋንና የአባቴ የማር ንግድ

ደክሞኛል ብዬ ልጀምር። ያኔም ደክሞኝ ነበር፣ አሁንም ደክሞኛል፤ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለኝም። የምነግራችሁ ስለ ሦስት ቀን ነው፤ አርብ፣ ቅዳሜና እሑድ። ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ፔጀር ወገቡ ላይ ያሰረ ሐበሻ ሁሉ ሀብታም የሚመስለን ዘመን ነው። ከተማው ዳላስ፣ ወሩ ሐምሌ፤ የመኪና መሪ እጅ የሚያቃጥልበት ሐምሌ።

ያኔ ሌክ ሃይላንድስ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት የምኖር፣ ኤርፖርት አካባቢ በአንድ ሆቴል ላውንደሪ የምሠራ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላኝ ወንደላጤ ነበርኩ። አዲስ አበባ ሳለሁ ሙዚቃ ተምሬ በአንድ ቲያትር ቤት ኦርኬስትራ ውስጥ ደብል ቤዝ እጫወት ነበር። ለማታውቁት፣ ያ ከሰው የሚረዝመው፣ ቆመው በደጋን የሚጫወቱት ትልቁ ቫዮሊን መሳይ ነው። ዳላስ ከገባሁ በኋላ አንድ ትምህርት ቤት የጣለውን አሮጌ ደብል ቤዝ አገኘሁና ሳሎኔ ውስጥ ሶፋ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ አቆምኩት። እንግዳ በመጣ ቁጥር “ይኼ ሰውዬ አይቀመጥም እንዴ?” እያለ ይቀልድብኛል።

ስድስት ዓመት ሙሉ ከማሽን ውስጥ እርጥብ አንሶላ ስጎትት የቀኝ አውራ ጣቴ ተበላሸ። ጠዋት ጠዋት የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተኛል። በዚህ ጣት ነው እንግዲህ ፎርት ዎርዝ አጠገብ ባለች አንዲት ከተማ ኦርኬስትራ ውስጥ ለተከፈተው አንድ የደብል ቤዝ ወንበር ልፈተን ለቅዳሜ ጠዋት የተጠራሁት። ከዚያ በፊት ሦስት ቦታ ተፈትኜ ሦስቱንም ወድቄያለሁ። ይኼ አራተኛውና የመጨረሻው ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ጣቴ ሌላ ዓመት አይጠብቀኝም። ካለፍኩ ሙዚቀኛ ነኝ። ከወደቅኩ ደብል ቤዙን አስወጥቼ ሶፋ አስገባለሁ፣ አለቀ።

ከሦስት ወር በፊት አባቴ ከአገር ቤት መጥተው አብረውኝ ይኖሩ ነበር። አባባ መኩሪያ ይባላሉ። አባቴ አዝማሪ ናቸው። ከጎንደር ዙሪያ፣ ከአባታቸው የወረሱትን ማሲንቆ ይዘው ከሠርግ ሠርግ የዞሩ ሰው። እኔ ግን በአማርኛ ለሚያመልኩት የቤተ ክርስቲያኔ ሰዎች “ነጋዴ ናቸው” ብዬ ነበር የነገርኳቸው። ለምን ዋሸህ የምትሉኝ ካላችሁ፣ የእኛ ሰው አዝማሪን ሲሸልመው ያመሻል፣ ልጅህን ለአዝማሪ ዳር ቢሉት ግን ያንገራግራል፤ ይኼን እናንተም አትክዱኝም። ደግሞ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ደጋን ሲሰጠኝ፣ እጄ ሳላስበው እንደ አባቴ ከሥር ጨበጠው። መምህሩ አንጓዬን በማስመሪያ መታኝና “ይኼ ማሲንቆ አይደለም!” አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደጋን የምይዘው መዳፌን ወደ መሬት አድርጌ፣ ከላይ ነው።

አባቴ ማተባቸውን አልፈቱም፤ ቤተ ክርስቲያኔ የሚመጡት እኔን ብለው ነው። በመጡ በመጀመሪያው እሑድ ወንድም ታምራት የሚባል ታክሲ የሚነዳ ወዳጄ አጠገባቸው ቁጭ አለና “አባባ፣ ምን ነበር የሚነግዱት?” አላቸው። ለካ ውሸቴን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም! መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። አባቴ አንድ ጊዜ አየት አደረጉኝ።

“ማር ነው የኔ ልጅ” አሉት። “ማር።”

“ነጩን ነው ቀዩን?”

“ነጩንም፣ ቀዩንም።”

ከዚያ ወዲያ ታምራት እሑድ በመጣ ቁጥር ስለ ማር ሳይጠይቃቸው አይውልም፤ እሳቸውም ስለ ቀፎው፣ ስለ አበባው ያወሩለታል። ማር በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ሳይቀር አስተምሯቸዋል። የመጀመሪያው ዕለት መኪና ውስጥ ስንገባ ግን “ሌላ ጊዜ አስቀድመህ ንገረኝ። ጨርቅ ይሻለኝ ነበር” አሉኝ። እኔም መኪናዋን አስነሣሁ።

አርብ የጠዋት ሺፍቴን ጨርሼ ሰባት ሰዓት ላይ ቤት ስገባ አባቴ ወንበር ላይ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም።

“ምነው አባዬ? አመመዎት?”

“ልጄ፣ አንድ ነገር አጠፋሁ።”

ደጋኔ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጫፉ ተገንጥሎ በፈረስ ጭራው ብቻ ተንጠልጥሏል።

እዚህ ላይ ላስረዳችሁ። የማሲንቆ ደጋን እንደ ቀስት ወደ ውጭ የጎበጠ ነው። የፈረንጆቹ ግን ተቃራኒው ነው፤ እንጨቱ ወደ ጭራው፣ ወደ ውስጥ ነው የሚጎብጠው። ተጫውተህ ስትጨርስ ደግሞ ብሎኑን ታላላዋለህ። አባቴ ሳጥኑን ከፍተው የላላውን፣ ወደ ውስጥ የጎበጠውን ሲያዩ እንጨቱ የተበላሸ መሰላቸው።

“ይኼ ከላይ የሚነፋው ብርድ አጣሞብህ ነው ብዬ” አሉ፤ የቤቱን ኤሲ ማለታቸው ነው። “ነገ ፈተና አለብህ፣ ላቅናልህ አልኩ። ብሎኑን አጠበቅሁት፣ እምቢ አለ። ከዚያ በጉልበቴ ደገፍ አድርጌ ገፋ ባደርገው…” ቀሪውን አልጨረሱትም። “ጭራውን ዕጣን ቀብቼልህ ነበር” ብለው ጨመሩ፤ እንደዚያ ብለው ጥፋቱን ትንሽ የሚያቀልሉት ይመስል። በእሳቸው ሙያ ጭራው ክሩን እንዲይዝ የሚቀባው ዕጣን ነው።

እኔ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ እግሬ ላይ ነኝ። ፈተናው ሊደርስ አንድ ቀን አልቀረውም፣ ሌላ ደጋን የለኝም። ሰው ሲደክመው አፉን የሚጠብቅለት የለም።

“ማን ይንኩት አለዎት?” ብዬ ጮህኩ። “አዝማሪ ነዎት እኮ! አዝማሪ ስለዚህ ምን ያውቃል?”

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ያችን ቃል የአገሩ ልጆች እየተከተሉ ሲወረውሩብኝ ነው ያደግኩት፤ አሁን በገዛ አባቴ ላይ የወረወርኳት እኔ ነኝ።

አባቴ ተንጠልጥሎ የቀረውን ጫፍ በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስተካከሉት። ከዚያ “ልክ ነህ” አሉ። ተነሥተው ባርኔጣቸውን ከግድግዳው አወረዱ። “የሚሸጥበት ቦታ አለ? እንሂድ።”

ፎርት ዎርዝ ያለች አንዲት የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ዘንድ ኮል አደረግኩ። “እስከ አምስት ክፍት ነኝ፣ ቤዝህንም ይዘህ ና” አለችኝ፤ በእኛ አሥራ አንድ ሰዓት መሆኑ ነው። ኮሮላዬ ኤሲ የላትም። ደብል ቤዙን ለማስገባት የፊተኛው ወንበር ይታጠፋል፣ አንገቱ እስከ ኋላ መስታወት ይደርሳል፤ አባቴ ከኋላ፣ ከአንገቱ ጎን ተጣብቀው ተቀመጡ። አርሊንግተን ላይ ትራፊኩ ቆመ። በመስታወት ሳያቸው ቤዙ እንዳይጋጭ አንገቱን በሁለት እጃቸው ደግፈውታል፤ ላባቸው ይንጠባጠባል። ይቅርታ ልል አፌን ሁለት ጊዜ ከፈትኩ። ሁለቱንም ጊዜ ስለ መንገዱ አወራሁ።

ጠጋኟ ሚስ ዶሪስ ትባላለች። ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ዓይኗን የሚያተልቅ መነጽር ያደረገች፣ በጉብዝናዋ ጊዜ ራሷ ቤዝ የተጫወተች ሴት ናት። የተሰበረውን ደጋን ተቀብላ አገላበጠችው፣ ወደ አፍንጫዋም አስጠጋችው።

“ምንድነው የሚሸተው?”

“ዕጣን ነው።”

“ጌታ ሆይ! ሠላሳ ዓመት ስጠግን እንዲህ የሚሸት ደጋን መጥቶልኝ አያውቅም” ብላ ሳቀች። ከዚያ ስብራቱን ከመብራቱ ሥር አድርጋ አየችና “ይኼ እኮ ቀድሞውኑ ስንጥቅ ነበረው። ውስጡ ጠቁሯል፣ ተመልከት። ዛሬ ባይሰበር ነገ ፈተናው መሃል ይሰበርብህ ነበር” አለችኝ።

አባቴ በር አጠገብ ወንበር ላይ ሆነው አፏን አፏን ያያሉ። ያንን አልተረጎምኩላቸውም። እስካሁን ድረስ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ጥፋተኛ ሆነው እንዲቆዩልኝ ፈልጌ ይሆናል።

ሚስ ዶሪስ አራት ደጋኖች ደረደረችልኝ። “ቤዙ ያው፣ ክሩ ያው፣ አንተም ያው” አለች። “አሁን ደጋኑን ብቻ እየለወጥክ ያቺኑ አንዷን ዜማ ተጫወትልኝ።”

የመጀመሪያው ቀላል ነበር፣ እጅ ላይ ያለ አይመስልም። ድምፁ ቶሎ ይወጣል፣ ግን ቀጭን ነው፤ ወፍራሙ ክር ላይ ስደርስማ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። አባቴ መሬት መሬቱን እያዩ “ይኼ አፉን ሳይከፍት ነው የሚያወራው” አሉ። ሁለተኛው ከባድ ነው፤ ክሩን አስገድዶ ያናግረዋል፣ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ግን ካሰብኩት ዘግይቶ ነው የሚነሣው። “ይኼ ከእንቅልፉ እየተቀሰቀሰ ነው” አሉ። ሦስተኛው ጥቁር ጭራ የተወጠረበት ነው። ጥቁር ጭራ ከነጩ ሻካራ ስለሆነ ክሩን ንክስ ያደርገዋል፤ ድምፁ ሱቁን ሞላው። እኔ ወደድኩት። አባቴ ግን “ይጮኻል እንጂ አይናገርም” አሉ።

አራተኛውን ሳይ እጄን ሰበሰብኩ። መያዣው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነው።

“ይኼ የጀርመኖቹ ዓይነት ነው” አለች ሚስ ዶሪስ። “ከሥር ነው የሚያዘው፣ መዳፍህ ወደ ጎን ዞሮ። አውራ ጣትህን አይቼዋለሁ። በዚህኛው አይጨነቅም፤ ክብደቱን የሚሸከመው ክንድህ ነው።”

“በዚህ ተምሬ አላውቅም። ነገ ነው ፈተናዬ።”

አባቴ እንግሊዝኛውን አልሰሙም፤ ደጋኑን ግን አይተውታል። “ልጄ፣ ያንን ሞክረው” አሉ።

“አባዬ፣ ይኼ ለእኔ አይሆንም።”

“ሞክረው አልኩህ።”

ያዝኩት። እጄ አልጠየቀችኝም፤ ከሃያ ዓመት በፊት የተወችውን ቦታ ሄዳ ያዘችው። ወፍራሙን ክር ስስበው ድምፁ ከእንጨቱ ሳይሆን ከወለሉ የመጣ መሰለኝ፤ የሱቁ መስታወት ነዘረ። ጩኸት የለውም። መነሻው ለስላሳ ነው፣ ከዚያ እየሰፋ ይሄዳል፣ ሲያልቅም አይቆረጥም። ጣቴን አላመመኝም። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ።

“ይኼ ሰው ነው” አሉ።

“ምን አሉ?” አለች ሚስ ዶሪስ።

“ደስ ይላል አሉ።”

“ሙዚቀኛ ናቸው እንዴ? እያንዳንዱን ደጋን ስትቀይር ፊታቸውን እያየሁ ነበር።”

አያችሁ፣ ይህች ሴት ፈረንጅ ናት። አዝማሪ ምን እንደሆነ አታውቅም፣ ለማንም አትነግርብኝም። እኔ ግን “ኖ፣ የማር ነጋዴ ናቸው” አልኳት። ‘ሃኒ’ የምትለዋን ቃል አባቴ ያውቋታል። ባርኔጣቸውን አንሥተው ወደ ውጭ ወጡ።

ሚስ ዶሪስ ሦስተኛውንና አራተኛውን እስከ ሰኞ አዋሰችኝ። ያን ዕለት ማታ ሁለታችንም የበላነው አልጣመንም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የፈተናው አዳራሽ ጋ ፓርክ አደረግኩ። አባቴ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አገኙ። እኔን ቁጥር ሰባት አሉኝ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ዳኞቹና ተፈታኙ መሃል መጋረጃ አለ። ማን እንደሆንክ፣ ምን እንደምትመስል፣ አያዩም። በጫማህ ድምፅ እንኳ ወንድ ይሁን ሴት እንዳይለዩ ምንጣፍ ተነጥፏል። መናገርም ክልክል ነው፤ የሚያስፈልግህ ካለ አጠገብህ ለቆመችው አስተናባሪ ልጅ ታንሾካሹክላታለህ፣ እሷ ትናገርልሃለች።

ሳጥኔ ውስጥ ሁለቱም ደጋኖች አሉ። እስቲ አስቡት፤ በዓለም ላይ እጄን የሚያይ ሰው የለም! ሆኖም ያ ማስመሪያ ከመጋረጃው ወዲያ ቆሞ የሚጠብቀኝ መሰለኝና ጥቁሩን አንሥቼ ከላይ ያዝኩት።

የመጀመሪያውን ቁራጭ ደህና ተወጣሁት። ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ ግማሹ ላይ አውራ ጣቴ ቀጥ ብሎ ደረቀ። ደጋኑ ተንሸራተተና ክሩ በር ሲጎተት እንደሚጮኸው ጮኸ። እንደምንም ጎትቼ ጨረስኩት። ከመጋረጃው ወዲያ እርሳስ ሲጽፍ ይሰማኛል። አለቀልህ አልኩ፤ ሶፋው ቡኒ ቢሆን ይሻላል አልኩ፤ ደከመኝ፣ ደከመኝ፣ ደከመኝ አልኩ።

ከዚያ ምን እንደገፋኝ እንጃ፣ ለልጅቷ “ደጋን ልቀይር ይፈቀዳል?” ብዬ አንሾካሾክኩ። ጠየቀችልኝ። “ቀይሮ ይቀጥል” አለ አንድ የሽማግሌ ድምፅ።

የቀረኝ ቀስ ያለው ቁራጭ ነበር። አራተኛውን ደጋን አውጥቼ ከሥር ጨበጥኩት። ሁሉም ቦታ ልክ አልመጣም፤ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ትንሽ ወደቀብኝ፤ አልዋሻችሁም። ግን የምሰማው ድምፅ የራሴ ነበር። ማስቲካ ስታላምጥ የነበረችው አስተናባሪ ማላመጧን አቆመች።

ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ መጣች።

“ቁጥር ሰባት? ዳኞቹ ግራ ገብቷቸዋል። ከመጋረጃው ኋላ ሁለት ሰው ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ።”

“አንድ ነኝ።”

“ነገርኳቸው። አያምኑም ነበር።” ወረቀቷን አየች። “ወንበሩን ቁጥር ሦስት አግኝቶታል፣ ሶሪ። ግን ሰው ሲጎድል የሚጠሩት ተተኪ ይፈልጋሉ። ‘ሁለተኛው ሰውዬ ስልክ ቁጥሩን ትቶ ይሂድ’ ነው ያሉት። ለመሆኑ በዚያኛው ደጋን ማን ነው ያስተማረህ?”

አባቴን አየኋቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዞሩታል።

“እሳቸው” አልኳት። “አባቴ ናቸው። ሙዚቀኛ ናቸው።”

መኪና ውስጥ ገብተን ቁልፉን ሳላዞር ሁሉንም ነገርኳቸው። ወንበሩን እንዳላገኘሁ፣ ተተኪ እንደሆንኩ፣ ሁለት ሰው እንደመሰልኳቸው።

“እና የትኛውን ወደዱት?”

“የእርስዎን ልጅ” አልኳቸው፤ እንባዬ መጣ። “አባዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ደጋኑም እኮ ቀድሞ ስንጥቅ ነበረው። ሴትዮዋ ትናንት ነግራኝ ነበር። እርስዎ አይደሉም የሰበሩት።”

አባቴ ከቤዙ አንገት ኋላ ሆነው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

“ትናንት ብትነግረኝ እኮ እተኛ ነበር” አሉ።

ይኸው ነው እንግዲህ ገጠመኜ። በአንድ ቀን ሕይወቴ ተቀየረ እያልኩ አላሞኛችሁም፤ ሰኞ ጠዋት ላውንደሪ ነበርኩ። ነገር ግን ከመስከረም ጀምሮ ይጠሩኝ ጀመር፣ ቀስ በቀስም ከላውንደሪው ወጣሁ። አባቴ አገራቸው ተመልሰው አርፈዋል። እኔ ዛሬም ደጋን የምይዘው ከሥር ነው። ከእናንተ መሃል ከቤቱ ይዞት የመጣውን አያያዝ ሰው ስለሳቀበት የተወ ካለ፣ እባካችሁ እንደ እኔ ጣታችሁ እስኪደርቅ አትጠብቁ። ለዓመታት አድካሚ የመሰለኝ ሥራው ነበር። ግማሹ ድካም ግን መደበቁ ኖሯል።

እሑዱን አልነገርኳችሁም። ከአምልኮ በኋላ ታምራት እንደ ልማዱ ወንበሩን ጎትቶ መጣ።

“አባባ፣ እስቲ የዘንድሮው ማር እንዴት ነው አሉ አገር ቤት?”

አባቴ ሊመልሱለት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀደምኳቸው።

“ታምራት” አልኩት፣ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ “አባቴ ማር ነግደው አያውቁም። አዝማሪ ናቸው። እኔም የአዝማሪ ልጅ ነኝ። የዋሸሁህ እኔ ነኝ።”

ከኋላችን ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላምታው የቀዘቀዘብን አንድ ሁለት ሰው አለ፤ ይቅር ይበላቸው። ታምራት ግን አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቴን እያየ አገጩን አከከ።

“ታዲያ አባባ፣ ያ ሁሉ ስለ ቀፎው፣ ስለ አበባው የነገሩኝ?”

“እሱ ግጥም ነው የኔ ልጅ” አሉት።

ታምራት ሳቁ ሲመጣበት ወንበሩን ይዞ ጎንበስ አለ። አባቴ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣

“የማር ንግዴን ዘጋኸው በለኛ” አሉኝ።